ቁጭ ብሎ ጫማ መጨረስ

ሲባጎ የሚለውን ስም ያወጡላት አማቷ ናቸው። ገና ሙሽራ ሆና ወደዚያ ቤት በገባች ሰሞን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና «ይቺ ሲባጎ ምን ትሸከምልኛለች ብሎ ነው ያመጣት?» አሉ። ስሙ ተጣብቆ ቀረ። ባሏ ሳይቀር ሲባጎ ነው የሚላት፤ እሷም ከጊዜ ብዛት አቤት ማለት ጀመረች።

እግዜር ደግሞ ቀልድ ያውቃል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አማትየዋ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ዘፍ ብለው ወደቁ። ስትሮኩ ቀኝ ጎናቸውን ወሰደው፣ ውድቀቱ የግራ ዳሌያቸውን ሰበረው፣ አንደበታቸውም ተዘጋ። ሐኪሞቹ ዳሌውን በብረት ጠገኑና «ከእንግዲህ በእግራቸው አይቆሙም» ብለው ወደ ቤት ሸኟቸው። ማን ይሸከማቸው ሲባል አንድ ልጃቸው የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ከወሩ ሃያውን ቀን መሪ ላይ ነው የሚያድረው። የቀረችው ያቺው ሲባጎ ነበረች።

አራት ዓመት ተሸከመቻቸው። ጠዋት ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ማታ ከዊልቸር ወደ አልጋ፣ በመሃል ሽንት ቤት። ማንም አላስተማራትም፤ ራሷ ዘዴ አበጀች። ጠርዝ ላይ ታስቀምጣቸዋለች፣ የቤት ጫማቸውን ታጠልቅላቸዋለች፣ እግራቸውን መሬት አስነክታ ጉልበቷን ከጉልበታቸው ታገጥማለች፣ ከዚያ እጆቿን በብብታቸው ሥር አሳልፋ ጀርባቸው ላይ ትቆልፋለች። ልክ በዚህች ሰዓት አማቷ «እህ» ይላሉ። ከአንደበታቸው የተረፈችው ይህች ብቻ ናት። ሲባጎ ደግሞ ይህችን እህ ከድሮ ጀምራ የምታውቃት ይመስላታል፤ ያበሰለችውን ሲቀምሱ፣ ያጠበችውን ሲያዩ፣ የወለደችውን ሲታቀፉ የሚሏት ያቺው እህ ናት። ሰው አንደበቱ ተዘግቶም ሰው ያማል እንዴ፣ ትላለች በሆዷ። ብድግ ታደርጋቸዋለች፣ ታዞራቸዋለች፣ ታስቀምጣቸዋለች።

በመጀመሪያው ዓመት «ይያዙኝ እማማ፣ አይዞዎት» ትል ነበር። በሁለተኛው ዝም አለች። በሦስተኛው ጀርባዋ መጮህ ሲጀምር አንቱታው ከአፏ ወደቀ። ሰው ፊት አይደለም፤ ሰው ፊትማ ምራት ማለት እሷ ናት። ጆሮ ለጆሮ በተገጣጠሙባት በዚያች ቅጽበት ብቻ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ «ነይ እንግዲህ አንቺ ጆንያ» ትላቸዋለች። «የማትሞቺ የማትድኚ» ያለቻቸውም ቀን አለ። መልስ የማይሰጥ ሰው እያደር የማይሰማ ይመስላል። ሲባጎ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ደክሟት ነው።

አንድ የሚያስቃት ነገር ነበር፤ የቤት ጫማቸው ያልቃል። የቀኙ እንደ አዲስ እያለ የግራው ሶል ከፊት በኩል ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ይከፈታል። በአራት ዓመት አምስት ጥንድ ገዝታላቸዋለች። «ቁጭ ብለው ጫማ የሚጨርሱ የኔ አማት ብቻ ናቸው» እያለች ጎረቤት ታስቅበታለች። ዘንድሮ የሚሸጥ ዕቃ እንደሆነ ለቆመም ለተቀመጠም አይበረክትም፣ ብላ ታልፈዋለች።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ጎንበስ እንዳለች መቃናት አቃታት። ሐኪሙ ራጇን መብራት ላይ ሰቅሎ ብዙ ካየ በኋላ «እንዲህ ከቀጠልሽ እቤታችሁ ያለው ዊልቸር ሁለት ይሆናል» አላት። ባሏ ይህን ሲሰማ ፈቃድ ወስዶ መጣ። ሁለት አማራጭ አመጣ፦ በውሰት ለሙከራ የሚሰጥ የታማሚ ማንሻ ማሽን፣ እሱ ካልሆነ ደግሞ ከከተማው ጫፍ ያለ የአረጋውያን ማዕከል። ማዕከሉ አንድ አልጋ እስከ ዓርብ ይዞላቸዋል። እዚያ አንዲት አስታማሚ ለአሥራ ሁለት ሰው ናት፤ እናትየው ይህን ከበሩ ማዶ ሰምተው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ የሲባጎ ልብ ወደ ማዕከሉ አድልቷል።

ማሽኑ በሚመጣበት ቀን ጠዋት እንደልማዷ ልታነሳቸው ገባች። ሐኪሙ ከልክሏታል፣ ግን ሰው በተኛበት አይውልም። እጆቿን ጀርባቸው ላይ ቆልፋ ጆሯቸው ሥር «ስሚ፣ ማሽኑ እንቢ ካለ ዓርብ ትሄጃለሽ። እኔም ጀርባዬን አሳርፋለሁ» አለቻቸው። «እህ» አሉ፤ ከሌላው ቀን የረዘመች እህ። ብድግ ስታደርጋቸው ቀለሏት። ሲባጎ ገረማት። ሰው መገላገሉ ሲቀርብ ጉልበት ያገኛል ማለት ነው አለች ለራሷ፣ ዊልቸሩ ላይ አስቀምጣቸው እየወጣች።

ማሽኑን ይዛ የመጣችው ፊዚዮቴራፒስት አጠር ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ባልየው ማሽኑን ገና ሲያየው ፊቱ በራ። ከታች ሁለት ባለጎማ እግር፣ ከመሃል ምሰሶ፣ ከላይ እንደ ክንድ የታጠፈ ብረት፣ ከጎኑ የሚገፋና የሚሳብ እጀታ።

«ይሄማ ክሪክ ነው» አለ። «የሰው ክሪክ። እኔ በዚህ ስንት መኪና አንስቻለሁ።»

«መኪናው አይፈራም» አለች ፊዚዮዋ። «ቀስ እያልክ ነው።» ከዚያ ወረቀቷን አወጣችና ሲባጎን ትጠይቃት ጀመር። ምግብ ይውጣሉ? አዎ። ይሰማሉ? ይመስለኛል። «ሲነሱ በእግራቸው ያግዙሻል?»

«ምን ያግዛሉ፣ እህ ከማለት በቀር» አለች ሲባጎ። ባልየው ሳቀ። ፊዚዮዋ «አያግዙም» ብላ ጻፈች።

ሰፊውን ማዘያ ጨርቅ ከጀርባቸው እስከ ጭናቸው አለበሷቸው፤ ትልቅ አንቀልባ በሉት። አራት ጆሮውን ከብረቱ መንጠቆ አያያዙት። ባልየው እጀታውን ሳብ ገፋ ሲያደርግ አሮጊቷ ከዊልቸሩ ለቀቁ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞሩ፣ አየር ላይ ተንጠለጠሉ።

ሲባጎ የሆነ ነገር ጎደለባት። ጆሮዋ ያቺን እህ እየጠበቀ ነበር፤ አልመጣችም። አማቷ አፋቸውን ዘግተው፣ በጤናማ እጃቸው የጨርቁን ጠርዝ ጨምድደው፣ ዓይናቸውን መሬቱ ላይ ተክለዋል። እግራቸው ወለሉን ይፈልግ ይመስል ተወዛወዘ፣ የግራ ጫማቸው ወልቆ ጠብ አለ።

አልጋው ላይ ማሳረፉ ቀላል ሆነ። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ፊዚዮዋ ባዶውን ማሽን ወደ ሽንት ቤቱ ገፋችው፤ እግሩ የበሩን መቃን ደለቀው። በአግድም ሞከረች፣ አልገባም። ሜትሯን ዘርግታ ለካች፣ በሩ አንድ ስንዝር ይጎድለዋል።

«ማሽኑ እሳቸውን ይችላል፣ ቤታችሁ ግን ማሽኑን አልቻለም» አለች። «ጠበብ ያለ ሌላ ማሽን አለን፤ ግን ትንሽ በእግሩ ለሚያግዝ ሰው ነው። እሳቸው አይሆኑም።»

ባልየው እጁን ፀጉሩ ውስጥ ሰደደ። «እንግዲህ ዓርብ ነዋ» አለ፣ እናቱን ሳያይ። እናትየው አልጋው ጠርዝ ላይ በትራስ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲባጎ ደስ ሊላት ነበር፤ አልሆነላትም።

ፊዚዮዋ መንጠቆው ላይ ያለችው ትንሽ ሚዛን ሲነሱ የመዘገበችውን ቁጥር አንብባ ወረቀቷ ላይ ስትጽፍ እጇ ቆመ።

«ሰማንያ ስድስት ኪሎ» አለች። «እስከዛሬ ከማን ጋር ነበር የምታነሺያቸው?»

«ብቻዬን።»

«አንቺ ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ሐኪም ቤት አርባ ዘጠኝ ብለውኛል።»

ፊዚዮዋ ቀና ብላ አየቻት። «አይሆንም» አለች።

«እንዴት አይሆንም? አራት ዓመት እኮ ነው።»

«እኔ በሥራዬ ስንት ጉልበተኛ አይቻለሁ። ሰማንያ ስድስት ኪሎ የሚመዝን፣ ምንም የማያግዝ ሰው፣ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ሰው ብቻውን አራት ዓመት አያነሳም። አራት ቀንም አያነሳም። ወይ ሌላ ሰው ነበር፣ ወይ ሚዛኔ ተበላሽቷል።»

«ይከብዳሉ እኮ» አለ ባልየው። «እኔ ያነሳኋቸው ቀን ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። ይቺ ግን ስታነሳቸው…» ንግግሩን ሳይጨርስ ሚስቱን ተመለከታት።

ሲባጎ ትዝ አላት። ባሏ እናቱን ሲያነሳ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ከመሬት ያላቅቃቸዋል፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ወንድ ተብዬ፣ ትለው ነበር በሆዷ። እሱ ሲያነሳቸው እህ ያሉበትን ቀን አሰበች። አንድም አላገኘችም።



ፊዚዮዋ አሮጊቷ ፊት በርከክ ብላ «እናቴ፣ እስቲ በግራ እግርዎ መሬቱን ይግፉልኝ» አለች። አሮጊቷ ከዓርቡ ወሬ ወዲህ የጨፈኑትን ዓይን አልገለጡም። እንደገና ጠየቀች፤ እግራቸው እንደ እንጨት ተቀምጧል። ፊዚዮዋ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንግዲህ የኔ ሚዛን ይሆናል» ብላ ወረቀቷን ማጠፍ ጀመረች።

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ዓርብ ቅርብ ነው፤ ጀርባዋም ያርፋል። ሲባጎ ግን ጎንበስ ብላ መሬት የወደቀችውን የግራ ጫማ አነሳች። ከገዛቻት ሁለት ወር አይሞላትም። ገለበጠቻት። ሶሉ ከፊት፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ተከፍሏል። ስንጥቁ አዲስ ነው፤ የዛሬ ነው። ትናንት ማታ ስታወልቅላቸው ደህና ነበረች።

 ጠዋት ቀለሉኝ ያለችው ትዝ አላት። ሂጂልኝ እያለቻቸው በገፉት መግፋት ነው ይህ ሶል የተተረተረው። እህ እያሉ ሲያነሱ የኖሩት ራሳቸውን ነው፤ እሷ ሐሜት እያለች ስትሰማው የኖረችው የጉልበት ድምፅ ነበር።

«ቆይ» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ቆይ፣ እንደዚህ አይደለም የሚነሱት።»

«አንቺ አታነሺም፣ ተከልክለሻል» አለች ፊዚዮዋ።

«አላነሳም። እጄን ብቻ ነው የማደርገው።»

ፊዚዮዋ አመነታችና ሰፊ ቀበቶ አውጥታ የአሮጊቷን ወገብ አሰረች፤ ዳሩን በእጇ ያዘች። ሲባጎ የተከፈለችውን ጫማ አጠለቀችላቸው፣ እግራቸውን መሬት አስነካች፣ ጉልበቷን ገጠመች፣ እጆቿን በብብታቸው ሥር አሳለፈች። ጠዋት ስታንሾካሹክ እንደነበረው ጆሮ ለጆሮ ሆኑ። ምንም አልተናገረችም። አልሳበችም። ጠበቀች።

«እህ» አሉ አማቷ።

ሰማንያ ስድስት ኪሎው ተነሳ። የሲባጎ እጆች ምንም ሳይዙ ጀርባቸው ላይ እንደተቆለፉ ደርቀው ቀሩ። አልጋው ሲጢጥ አለ፣ ቀበቶው በፊዚዮዋ እጅ ረገበ። አሮጊቷ እየተንቀጠቀጡ በአንድ እግራቸው ቆሙ። ከወደቁ ወዲህ ባልየው እናቱን ቆመው ሲያያቸው የመጀመሪያው ነው፤ አፉን ከፍቶ ግድግዳ ተደገፈ።

ፊዚዮዋ እስከ አሥር ቆጥራ ቀስ ብለው እንዲቀመጡ አደረገች። 

«እኔ ሳነሳቸውስ ለምንድነው እንዲህ ያላደረጉት?» አለ ባልየው መጨረሻ ላይ።

«አንተማ መች እግራቸውን መሬት አስነክተህ» አለች ፊዚዮዋ። «ከአያያዝ ይቀደዳል።» ወረቀቷን ዘረጋችና አያግዙም የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው። «ጠባቡን ማሽን ነገ አመጣዋለሁ። እሱ ሸክሙን ይይዛል፣ እሳቸው ይገፋሉ፤ አንቺ ጀርባሽን አትነኪም። ሲሆን ሲሆን ለማዕከሉ ዛሬውኑ ደውሉና እንደማይመጡ አሳውቁ። እዚያ ሄደው በጨርቅ ብቻ እየተንጠለጠሉ ቢከርሙ ይቺ እግር ክረምቱን አትወጣም ነበር።»

ባልየው ሊደውል ወጣ፤ ፊዚዮዋ ቀበቶዋን ፈትታ ማሽኗን ልትጭን ተከተለችው። ሲባጎ ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር፣ እንደተቀመጠች ቀረች። ጆንያ ያለቻቸው፣ የማትሞቺ ያለቻቸው፣ ሁሉም በየተራ መጣባት። አንዱንም ሳይስቱ ሰምተዋል። ሰምተው ደግሞ ገፍተዋል፣ በማግስቱም ገፍተዋል፤ ዛሬ ጠዋትም ሂጂልኝ ላለቻቸው ሰው ጀርባ አዝነው ይሁን፣ እንዳታስወጣቸው ለምነው ይሁን፣ ጫማቸውን እስኪከፍሉት ገፍተዋል። እንባዋ ሳታውቀው ወረደ። አፍራለች፣ እጅግ አፍራለች።

«እማማ» አለች፤ አንቱታው ተመለሰላት። «ይቅር ይበሉኝ። ይሰማሉ ብዬ አይደለም። አይደለም፣ ምን ልዋሽ፣ ባይሰሙም መባል አልነበረበትም። ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡና ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፣ ያኔ ሙሽራ ሆና እንደገባች።

«እህ» አሉ።

ሲባጎ ይቅር አሉኝ ብላ እግራቸው ላይ ልትደፋ ስትል የአማቷን ጫማ አየች። የተከፈለችው ጫማ ወለሉን እየጫረች ነው፤ ደግማ ጫረች። ዊልቸሩ መስኮቱ ሥር ባዶውን ቆሟል፤ በዚህ ሰዓት አማቷ ሁልጊዜ እዚያ ናቸው፣ ደጁን ሲያዩ ነው የሚያረፍዱት። ልቅሶሽ ይቆይሽ፣ መነሻዬ ደርሷል ማለታቸው ነው።

ሲባጎ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ በሩ ዞረች። «ቀበቶውን ይዛችሁ ኑ» አለች። «እማማ ሊነሱ ነው።»