የሰባተኛው በር ከሃዲ

ባሌ አኒባል ከሃዲ ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የሳላዲሾ ሰፈር ሰው ነው፣ ያውም ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሥጋውን በእሱ እጅ እያስመዘነ።

የነገሩ መነሻ ፌርሚን ነው። ፌርሚን ሠዓሊ ነው፤ ቤቱ ከሥጋ ቤታችን ማዶ ነው። ተራው እስኪደርስ ግድግዳውን ተደግፎ በሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ላይ የሰው ፊት ይሞነጫጭራል። «የጨው መርከብ» የሚባለውን በሥዕል የሚተረክ ተከታታይ ኮሚክ ሲጀምር ታዲያ ፊት ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ጋዜጣ የሚሸጠው ኦስማር የመርከቧ ሐኪም ሆነ። የእኔው ባል ደግሞ ከነወፍራም ቅንድቡ፣ ኳስ ሜዳ ከተሰበረ አፍንጫው ጋር፣ ኦርሜ የሚባል የሰባተኛው በር ጠባቂ ሆኖ ቁጭ አለ። አኒባል የመጽሔቱን የመጀመሪያ ቁጥር መስኮቱ ላይ ከቋሊማዎቹ መሐል ሰቀለው። ጎድን ሊገዛ የመጣ ሁሉ ሳያየው አይሄድም ነበር።

ከዚያ አራተኛው ቁጥር መጣ። መርከቧ በከዋክብት መሐል ስትጓዝ፣ ግማሹ መንገደኛ የዓመታት እንቅልፍ ተኝቶ ሳለ፣ ኦርሜ ሰባተኛውን በር በገዛ እጁ ከፈተው። አየሩ ወጣ፤ የተኙት በተኙበት ቀሩ። ለምን እንደከፈተው ፌርሚን አንዲት ቃል አልጻፈም።

በማግስቱ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ገና ከመግባቷ፣ «ዶን አኒባል፣ ማቀዝቀዣውንም እንዳይከፍቱብን አደራ» አለች። በአንጋፋዎቹ የኳስ ቡድን ውስጥ «እሱን ጎል ላይ አታቁሙት፣ ለጠላት ይከፍታል» ተባለ። የእኛ ሰፈር ሰው የሚተርበው የሚወደውን ነው፣ ይህን አውቃለሁ። ቀልድ ሲደጋገም ግን ስም ይሆናል። በዓመቱ ልጃችን ስትዳር የሙሽራው አጎት ብርጭቆውን አንሥቶ «ለከሃዲው ልጅ!» አለ። አኒባል ከሁሉም በላይ ሳቀ። ቤት ስንገባ ግን ከነሙሉ ልብሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

«ሬሜ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል» አለኝ። «የእኔ እንግዲህ ይሄ ሊሆን ነው?»

ከዚያ ወዲህ ማንበብ ያዘ። ከስፖርት ገጽ በቀር ምንም አንብቦ የማያውቅ ሰው፣ ከምሳ በኋላ ሰፈሩ ሲያሸልብ መነጽሩን ሰክቶ «የጨው መርከብ»ን ይዘረጋል። ነገሩ ደግሞ ቀላል አይደለም። በመርከቧ አፍንጫና በመርከቧ ጅራት ጊዜ እኩል አይሄድም። ከፊት ያለው የልጅ ልጅ ከኋላ ካለው አያቱ በዕድሜ ይበልጣል፤ አንዱ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ልጅም፣ ጎልማሳም፣ ሽማግሌም ሆኖ ይመጣል። እኔ ሁለተኛው ቁጥር ላይ እጄን ሰጠሁ። እሱ ግን ከደንበኛ ጋር ሳይቀር ይሟገታል፦ ይኸው ጥላው በግራ ነው፣ ይኸው ከጀርባው የሌላ ሰው እጅ ይታያል፣ ስለዚህ ኦርሜ ታዝዞ ነው እንጂ ወዶ አልከፈተም። ሥጋ ሻጭ አግብቼ ከጠበቃ ጋር ነው የኖርኩት።

መልሱ ያለበት መጨረሻ ግን አይመጣም። መጽሔቱ መጀመሪያ በየዓመቱ ይወጣ ነበር፣ ከዚያ ሦስት ዓመት መቆየት ጀመረ። አገር በከሰረ ጊዜ አሳታሚው ተዘጋና ፌርሚን የሳሙና ማስታወቂያ ሲስል ከረመ። ሌላ አሳታሚ ሲገኝ ደግሞ የፌርሚን ዓይን ታመመ። አኒባል ማዶ ወዳለው መስኮት እያየ «ዛሬ ወንበሩ ላይ ነው፣ እየሠራ ነው» ይለኛል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እለዋለሁ።

«ይሄኛው ንጋትማ እንቅልፍ ወስዶታል።»

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ሥጋ ቤቱን ለምሳ ዘግተን ሳለ፣ ፌርሚን በጓሮ በር ገባ። በብብቱ ትልቅ የካርቶን ማኅደር ይዟል። ውሃ አፍልቼ የቅጠል ሻያችንን፣ ማቴውን፣ አቀረብኩ፤ እሱ ግን አልጠጣም።

«ስማ አኒባል» አለ። «መጨረሻውን ሁለት ጊዜ ሣልኩት። አንደኛው ነጻ ያወጣሃል፣ ሁለተኛው አያወጣህም። የቱ እንደሚሻል የማውቅ ይመስለኛል። ግን ሰፈሩን ሃያ ዓመት ያሳቅሁብህ እኔ ነኝ። አንተ ምረጥ፤ የመረጥከው ይታተማል።»

አኒባል ተነሥቶ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ አድርቆም ተቀመጠ። እኔ በትከሻው ላይ ሆኜ አየሁ።

በመጀመሪያው፣ ካፒቴኑ ኦርሜን አታልሎታል። የተኙት ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል ብሎ ዋሽቶት ነው በሩን ያስከፈተው። በመጨረሻው ገጽ የመርከቧ ሕዝብ በሙሉ ቆሞ ይቅርታ ይጠይቀዋል። የባሌን ፊት በሥዕሉ ላይ እንደዚያ ከፍ ብሎ ሳየው እንባዬ መጣ።

«ተመስገን፣ አለቀ» አልኩ። «ይሄን ስጠው።»

እሱ ሁለተኛውን ሳበ። በሁለተኛው፣ ኦርሜ ከበሩ ወዲያ ሲንኳኳ ይሰማል። በመርከቧ ጅራት የተረሱ ሰዎች ናቸው፣ ከነልጆቻቸው። ከከፈተ የተኙት ይሞታሉ፣ ካልከፈተ የሚያንኳኩት ይሞታሉ። ይህን እያወቀ ከፈተ። ጊዜው የተዛባ ነውና የገቡት በሌላ ዘመን ገቡ፤ ማን እንደከፈተላቸው አያውቁም። እሱም ለማንም አልተናገረም። በመጨረሻው ገጽ አርጅቶ በሩ ሥር ብቻውን ተቀምጧል።

አኒባል ወደ ኋላ ገለጠ፣ ወደ ፊት ገለጠ። ማቴው ቀዘቀዘ።

«እዚህኛው ላይ አያውቅም ማለት ነው?» አለ የመጀመሪያውን እየነካ።

«አያውቅም። ተታሎ ነው።»

«እዚህስ?»

«ያውቃል።»

አኒባል መነጽሩን አወለቀ። «ካላወቀማ ጥፋቱም ደግነቱም የእሱ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ምን ሳነብ ኖርኩ?» አለና ሁለተኛውን ወደ ፌርሚን ገፋለት።

ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ለዚህ ቀን አይደል እንዴ ዓይንህን ያጠፋኸው? የልጅህስ ስም?»

«ሬሜ፣ የመጀመሪያው ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነው። ደስ እንዲለኝ። ሁለተኛው እውነት ነው።»

«ኮሚክ ምን እውነት አለው?»

«አንቺ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው ያቆምሽው» አለኝ። ከዚያ ወደ ፌርሚን ዞሮ፣ «እኔን መጠየቅህን ማንም እንዳይሰማ። ከሰሙ ለእኔ እያዘኑ ነው የሚያነቡት» አለው።

ፌርሚን ወረቀቱን ሰበሰበ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ተመልሶ አኒባልን አቀፈው። እኔ ባሌን እስከ ሰኞ አላናገርኩትም። ይህን ማውራቴን ዛሬ ቢሰማ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

የመጨረሻው ቁጥር በወጣበት ጠዋት የኦስማር ኪዮስክ ፊት ለፊት ሰልፉ መታጠፊያው ድረስ ደረሰ። ሰዉ እንደገዛ እዚያው ቆሞ ያነባል። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ እኛ ቤት መግባት ጀመሩ፤ ሥጋ ግን የጠየቀ የለም። ኦስማር ኪዮስኩን ዘግቶ መጣ።

«አኒባል» አለ፣ «እኔ እንኳ ስተርብህ በልቤ ተታሎ ይሆናል እል ነበር። ለካ አውቀህ ነው የከፈትከው።»

እኔ ሒሳብ መቀበያው ጋ ነበርኩ። ምላሴን በላኝ። መርጦ ነው፣ ነጻ መውጣት በእጁ ነበር፣ ፌርሚንን ጠይቁት ልል አፌን ከፈትኩ። አኒባል አየኝ፤ አፌን ዘጋሁ።

ያ ሁሉ ዓመት ለዚህ ነገር መከላከያ አጥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ጥላው፣ ከጀርባ የሚታየው እጅ፣ የካፒቴኑ ዓይን። የዚያን ቀን አንዱንም አላነሣም። ቢላዋውን መክተፊያው ላይ አስቀመጠ።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

ማንም አልሳቀም። ኦስማር ቆቡን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። እኔ በትዳር ዘመኔ ሁሉ በባሌ እንደዚያች ሰዓት ኮርቼ አላውቅም፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ሁሉንም በየተራ አየኋቸው። አኒባል ቢላዋውን መልሶ አነሣና «ተራው የማን ነው?» አለ።