ውሸት የማያውቀው አጎቴ

ድንጋይ ተሸክመሽ አጎትሽ እግር ላይ ውደቂ አሉኝ። እኔን! ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቶ እንግዳ ቤት ተሰብስበው አስጠሩኝ። ድንጋዩን እንኳ አስቀድመው ከደጃፉ አስቀምጠውልኛል፤ ሴት ናት ብለው ነው መሰለኝ፣ ቀለል ያለውን መርጠዋል። አጎቴ ተክለጻድቅ ነጭ ኩታውን ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የተበደለ ሰው መስሎ ተቀምጧል። ወይ ጉድ! ደሜ እዚያው በር ላይ ፈላ።

"ሙሉነሽ" አሉኝ አቶ እንግዳ፣ "አጎትሽን በሰው ፊት ከሃዲ ብለሽዋል። አባትሽ ሲሞት ያሳደገሽ ሰው ነው። ጥፋትሽን እመኚና ይቅር ይበልሽ።"

"ብዬዋለሁ፤ አሁንም እለዋለሁ" አልኩ። "ግን ለምን እንዳልኩት ጠይቃችሁኛል?"

የት ጠይቀውኝ! የሚያውቁት እሱ የነገራቸውን ብቻ ነው። ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዲላ ላይ ያልሰማ የለም። "ተክለጻድቅ እኮ ጣሊያን ፊት ቆሞ እንኳ ውሸት አልናገርም አለ" ይባላል። ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለታል። እኔ ደግሞ ባለጌዋ ነኝ። ቁጭ በይ ቢሉኝ እምቢ ብዬ፣ ቆሜ ነገርኳቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ስለው ነው የኖርኩት፤ አንቱታውን ግን አዋሽ ጣቢያ ጥዬው መጥቻለሁ።

ባሌን ይርጉን ያውቁታል። የዲላ ነጋዴዎችን ደብዳቤና የቡና ናሙና ይርጋጨፌና ኮቸሬ የሚያደርሰው እሱ ነበር፤ በእግሩ፣ ዝናብ ሳይል ጭቃ ሳይል። አምና ጣሊያኖቹ ለመንገድ ሥራ አፍሰው ወሰዱት። ከገደሉ ላይ የተናደ ድንጋይ ግራ እግሩን ጨፈለቀው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ቤት ዋለ። ቢሳደብ፣ ቢያማርር እኮ ደስ ባለኝ! ዝም ነው የሚለው። ጠዋት ተነሥቶ ይለብሳል፣ በሩ ጋ ይቀመጣል፣ መንገዱን ሲያይ ይውላል። አንጀቴን የበላው ይሄ ነው።

ነጋዴዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። "ብስክሌት ካገኘህ ሥራህ ያንተው ነው፤ አዲሱ ቡና እስኪገባ እንጠብቅሃለን። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው እንይዛለን" አሉት። በአንድ እግር ይነዳል ወይ እንዳትሉኝ! የአንዱን ቢሮ ተላላኪ ብስክሌት ለምኖ፣ ግራ እግሩን አንጠልጥሎ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ሲዞረው በዓይኔ አይቻለሁ። ከተቆረጠ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያን ሳቅ ካየሁ በኋላ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።

ድሬዳዋ የምትኖረው እህቴ ድንቅነሽ፣ አንድ ግሪክ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሎት የሄደ አሮጌ ብስክሌት አግኝቼልሻለሁ፣ መጥተሽ ውሰጂ ብላ ላከችብኝ። አጎቴ ለሸቀጥ ይሄድ ስለነበር ተከትዬው ሄድኩ። የዲላ ባለ ሱቅ ሀጅራና ቡና ደላላው ባልቻም አብረውን ነበሩ።

መሄዱስ ደህና ነበር። ስንመለስ ድሬዳዋ ጣቢያ፣ ሙሉ ብስክሌት ሰው የሚሳፈርበት ፉርጎ ውስጥ አይገባም፣ በዕቃ ፉርጎ ነው የሚጫነው አሉን። የዕቃው ፉርጎ የታለ ስንል፣ በወታደር ዕቃ ተሞልቷል። መቼ ተራ ይደርሰኛል ብዬ ብጠይቅ፣ ጥለሽው ሂጂና ከሁለት ወር በኋላ ጠይቂ አለኝ የመስኮቱ ሰው። ሁለት ወር! እስከዚያ ቡናው ገብቶ ያልቃል። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

"ምን ያስለቅስሻል እቴ?" አለች ሀጅራ። "ሰው በእጁ የያዘውን ዕቃ ማን ይከለክለዋል? ፍቺውና እንካፈልልሽ።"

ተፈታ። ዋናውን ብረት ከነመሪው በነጠላዬ ጠቅልዬ እኔ ያዝኩ። ሰንሰለቱንና ፔዳሉን ሀጅራ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። የፊተኛውን ጎማ ባልቻ በትከሻው አጠለቀው። የኋለኛው ተረፈ። "አጎቴ፣ ይቺን ይያዙልኝ፤ ማንም ከጠየቀዎት የራሴ ናት ይበሉ" አልኩት። "እሺ ልጄ" ብሎ ነው የተቀበለኝ። እሺ ልጄ! በዚህ አፉ!

አዋሽ ልንደርስ ስንል ጣሊያን ተቆጣጣሪ ከአስተርጓሚው ጋር ገባ። አጎቴ በሩ ጋ ስለነበር መጀመሪያ የደረሱት እሱ ዘንድ ነው።

"ይህ ጎማ የማን ነው?" አለ አስተርጓሚው።

አጎቴ ብድግ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ። "እኔ ውሸት አልናገርም ጌታዬ" አለ። "የእኔ አይደለም። የዚያች ሴት ነው። ብስክሌት ፈታታ ነው የጫነችው።"

ማን ጠየቀው በሉኝ? የማን ነው ተባለ እንጂ፣ ምን ተደረገ አልተባለ!

ይህንንስ እሺ እንበል። ቄስ ሲያስተምር የኖረውን ሰምቶ ነው፣ ነፍሱን ፈርቶ ነው እንበል። የቀረውን ስሙ። ጣሊያኑ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ አስተርጓሚውም "የተከለከለ ዕቃ ይዘህላታል። ምንህ ናት?" አለው።

"ምኔም አይደለችም" አለ አጎቴ። "አላውቃትም። ዛሬ እዚህ ባቡር ላይ ነው ያየኋት።"

አላውቃትም! ሠርጌ ላይ እጄን ይዞ ለይርጉ የሰጠኝ እሱ ነው። ሁለቱንም የተናገረው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ባርኔጣውን እንኳ መልሶ አላጠለቀም። የማን ነው ሲባል የማይዋሽ፣ ምንህ ናት ሲባል ዋሸ። እውነቱም ውሸቱም ራሱን ለማዳን ነበር።

ብረቱን ከነመሪው፣ የኋላውን ጎማ ጨምረው ወሰዱብኝ። ከዚያ የቀረው የት አለ ብለው ፉርጎውን ያምሱት ጀመር። ባልቻን "ያ ጎማ ከዚህ ጋር ነው" አሉት። "የኔ ናት" አለ ባልቻ፣ "ለጋሪ ናት።" ጣሊያኑ በጥፊ መታው። "የኔ ናት" አለ። ደገመው። ከንፈሩ ደማ፤ "የኔ ናት አልኩ እኮ" አለ። ሀጅራ ዘንቢሏ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሆዴን ቆርጦኛል፣ ብትገድሉኝ አልነሣም ብላ ጮኸች። ባልቻ በምን ይዛመደኛል? ሀጅራስ? በሃይማኖት እንኳ አንገናኝም።

እኔን አዋሽ ላይ አወረዱኝ። ባቡሩ ሊነሣ ሲል መስኮቱ ሥር ሮጥኩ፤ "አጎቴ! አጎቴ ንገራቸው!" አልኩ። መስኮቱን ዘጋው። በዓይኔ እያየሁት፣ በእጁ ወደ ላይ ገፍቶ ዘጋው! ያን ጊዜ ነው ከሃዲ ያልኩት። አዎ፣ ጮኼ ነው ያልኩት፤ ጣቢያው በሙሉ ሰምቷል። ሦስት ቀን አሰሩኝ። በሰው እርዳታ እየተጓተትኩ ዲላ ስገባ፣ ባልቻና ሀጅራ ጎማውንና ሰንሰለቱን ቤቴ አድርሰውት አገኘሁ። ይርጉ ባዶውን ጎማ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጣቱ ያሽከረክረዋል። ቡናው ገባ። ነጋዴዎቹ ሌላ ሰው ያዙ። ይኸው ነው።

ይህን ብዬ ስጨርስ አቶ እንግዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መቼም ልጄ፣ ሰው ነው፤ ይደነግጣል። አንቺ ታናሽ ነሽ…"

"እሺ" አልኩ። "ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አስቀድሞ ግን እናንተ ፊት አንዲት ነገር ይመልስልኝ፤ ውሸት አይናገር የለ?" ወደ እሱ ዞርኩ። "አጎቴ፣ ታውቀኛለህ?"

እሱ ኩታውን አስተካከለ።

"በል እንጂ ተክለጻድቅ" አሉ አቶ እንግዳ፣ "ቀላል ጥያቄ ነው። ይህች ሴት ማን ናት?"

አጎቴ አንገቱን አዙሮ በሩን አየ። ለጣሊያን ወሬ የሚያደርስ ሰው ከውጭ ቆሞ እንደሆነ አየ፤ መንገዱንም ግራና ቀኝ አየ። ማንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የወንድሜ ልጅ ናት" ያለው።

በሩን ሲያይ ሦስቱም ሽማግሌዎች አይተውታል።