የአንዳርጌ ሁለተኛ ለቅሶ

«ሞቱን ያየ ማነው? እስቲ ያየ ሰው ይምጣ!» አሉ ወይዘሮ ካሣነሽ ከሴቶቹ መሐል እጃቸውን ዘርግተው። «አምናም ሞተ ብላችሁኛል!»

ደረቷን ስትመታ የነበረችው ጎረቤታቸው ላቀች እጇን አወረደች። የልጃቸው የአንዳርጌ መርዶ ከተነገረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በዳሱ ውስጥ ንፍሮ ይዞራል፤ ከአርብ ገበያ ማዶ ካሉት መንደሮች ሳይቀር ለቀስተኛ ይመጣል። እናትየዋ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሱም።

ባለቤታቸው መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ከወንዶቹ በኩል ሆነው ሰሟቸው። ሠላሳ ዓመት ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሃያ ተማሪ አብሮ ሲያዜም አንዱ አንዲት ምልክት ቢስት የትኛው እንደሆነ ዓይናቸውን ጨፍነው ይለዩታል። ያ ጆሮ በሐዘን ጊዜም አላረፈላቸውም። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች የሚንሾካሾኩት ቃል በቃል ይደርሳቸዋል።

«እውን አሁንስ ሞቶ ይሆን?»

«ቴሌግራም መጥቷል እኮ። ንፋስ መውጫ ድረስ ተሂዶ ነው የመጣው።»

«አምናስ ጓዴ በዓይኔ አየሁ ብሎ ምሎ አልነበር? ይኼ ልጅ መሞት ለምዷል።»

«ዝም በል አንተ፣ ይሰሙሃል።»

የጨው ነጋዴው ጓዴ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። ሰው ቀና ብሎ ባየው ቁጥር ወደ መሬት ያቀረቅራል።

ነገሩ የተጀመረው ከእርሱ ነበር። አምና በኅዳር ደብረ ታቦር ገበያ ውሎ ሊመለስ ሲል የጤና ሰዎች መኪና አቁመው፣ ነጭ ጨርቅ ወጥረው፣ ስለ ወባ የሚያስተምር ፊልም ለሕዝብ ያሳያሉ። ጓዴ በዚያ ጨርቅ ላይ የመሪጌታን ልጅ አንዳርጌን አየው። አንዳርጌ ቆላ ወርዶ ሲያጭድ ታሞ ተኝቷል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሱ ይጋጫል። ቆይቶ ዝም አለ። አንዲት ሴት እየጮኸች በነጠላ ሸፈነችው። «ይህ ሰው በወባ ሞተ» አለ የድምፅ ማጉያው። ጓዴ ከዚያ በፊት ፊልም አይቶ አያውቅም። መኪናው የመንግሥት ነው። መንግሥት ሰው ሰብስቦ ያልሞተውን ሞተ ይላል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ጭነቱን ጥሎ ሦስት ቀን ገሠገሠና ማለዳ መሪጌታ በር ላይ ቆሞ መርዶውን ተናገረ።

ደብሩ በሙሉ አለቀሰለት። መሪጌታ ራሳቸው ተማሪዎቻቸውን አቁመው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ በፍታቱ አዜሙ። የተዝካሩ ጠላ ተጠምቆ ድግሱ ሊበላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንዳርጌ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በደጅ ገባ። መለቀሱን የሰማው አዲስ አበባ ለሥራ ከመጣ ከአገሩ ሰው ነበር። እናቱ ተዝለፍልፈው ወደቁ። እርሱ እያለቀሰም እየሳቀም፦

«አባ፣ ትምህርት ነው እኮ። ፊልም ላይ መሥራት እየተማርሁ ነው። የታመመ ሁን ሲሉኝ እታመማለሁ፣ ሙት ሲሉኝ እሞታለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ እነሣለሁ እኮ፣ አባ!»

ከድግስ ሠራተኞቹ አንዱ «በሉ እንግዲህ፣ ተዝካሩን ራሱ ይብላዋ!» አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

ያ ሳቅ ነው መሪጌታን ያሳታቸው። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ።

«በውሸት ሞትህ የቤተ ክርስቲያኑን ፍታት አስደገምኸኝ። የሰጠሁህን ድምፅ ለጨዋታ ሸጥኸው። ከእንግዲህ በዚህ ደጅ እንዳትናገር፣ እኔም ድምፅህን እንዳልሰማ ገዝቻለሁ።»

አንዳርጌ አፉን ከፈተ። የአባቱ ግዝት ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው። ጉልበታቸውን ስሞ ሻንጣውን አነሣና አንዲት ቃል ሳይናገር ወጣ። እናቱ እስከ ወንዙ ድረስ ስሙን እየጠሩ ተከተሉት። ለእርሳቸውም እጁን ከማወዛወዝ በቀር አልመለሰላቸውም።

በዘንድሮው ለቅሶ አምስተኛ ቀን የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሥላሴ ከመሪጌታ አጠገብ ተቀመጡ።

«መሪጌታ፣ እሑድ ፍታት እንደግማለን። ያሰሩት እርስዎ ነዎት። እኔ ልፈታልዎ አልችልም።»

«ይቆዩኝ፣ አባ።»

«እስከ መቼ? ልጁ እንደታሰረ አፈር ገብቷል። በታሰረ ነፍስ ላይ እንዴት አድርጌ ይፍታህ ልበል?»

መሪጌታ ዳግመኛ መሳቂያ መሆንን ፈርተዋል፤ ያን ግን ለነፍስ አባታቸውም አፍ አውጥተው መናገር አልቻሉም። ደግሞም ግዝቱ እስካለ ድረስ ልጁ ከተቆጣ አባቱ ተደብቆ የሆነ ቦታ ያለ ይመስላቸው ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ቀጭን ወጣት የቆርቆሮ ሻንጣ በትከሻው ተሸክሞ፣ የከተማ ጫማውን በእጁ ይዞ ዳሱ በር ላይ ደረሰ። እግሩ ደምቷል።

«ዳኛቸው እባላለሁ። ከአንዳርጌ ጋር አብረን ነው የምንሠለጥነው፤ አንድ ቤት ነበርን። ተስቦ ይዞት ዐሥራ አንድ ቀን ታመመ። አስታምሜዋለሁ። የቀበርሁትም እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ካሣነሽ ሰውን እየገፉ መጥተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ልጄ፣ ዓይኑን ማን ከደነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«በዚህ እጅህ?»

«በዚህ እጄ።»

እጁን ይዘው ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ያን ጊዜ ጮኹ። ስድስት ቀን የታመቀው ለቅሶ ከማዶ ጋራ እየተጋጨ ተመለሰ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው።

ለቅሶው ረገብ ሲል መሪጌታ እንግዳውን አጠገባቸው አስቀመጡት። ውኃ ከጠጣ በኋላ ጠየቁት።

«ምን ነበር የሚያስተምሯችሁ?»

«መስተዋት ፊት ያቆሙናል፣ የኔታ፤ ፊታችን የሚሠራውን እንድናውቅ። ከዚያ ደግሞ የድምፅ አለ። የውጭ አገር ፊልም ይመጣል፤ ሰውየው ጨርቁ ላይ አፉን ሲከፍት እኛ በአማርኛ እንከፍታለን፣ ሲዘጋ እንዘጋለን። አስተማሪው ሰዓት ይዞ ይቆማል። አንዲት ቃል ከቀደመች ከመጀመሪያው ነው።»

«ከመጀመሪያው?»

«አርባ ጊዜም ቢሆን።»

መሪጌታ ሳያውቁት ራሳቸውን ነቀነቁ። እርሳቸውም ከዚህ ሌላ የማስተማሪያ መንገድ የላቸውም።

«አንዳርጌን መጀመሪያ ሊያሰናብቱት ነበር» አለ ዳኛቸው። «ሁሉን ነገር ያዜመዋል ተባለ። እንደ ሰው ተናገር ይሉታል። ሦስት ወር ሙሉ ሳቅንበት፤ እኔም ስቄበታለሁ። በኋላ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ከእኛ የሚስተካከለው ጠፋ።»

ከሻንጣው በታይፕ የተመታ ወረቀት አወጣ። ከፊደሎቹ ራስ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ እንደ ጉንዳን እግር የቀጠኑ ምልክቶች ተደርድረዋል። የድጓ ምልክቶች ናቸው፤ ድምፅ የሚወርድበት፣ የሚወጣበት፣ የሚርገበገብበት።

«የሚቀጥለው የወባ ፊልም ንባብ ነው። በዚህኛው ታማሚው ይድናል። ‹ለአባቴ ስል አሁን የሚድን ሰው ነው የምሆነው› ይል ነበር። በእርሱ ፈንታ እኔ እንዳነብ ታዝዣለሁ፤ እርሱ እንዳሰበው ላነበው ብል ምልክቱን የሚያውቅልኝ አጣሁ። መጨረሻውን ሳያደርስ ነው የወደቀ። ‹አባቴ ብቻ ነው የሚያነበው› ብሎኛል።»

መሪጌታ እጃቸውን አልዘረጉም። ለሌላው ሰው ያ ወረቀት ነው። ለእርሳቸው ምልክት ማየትና ድምፅ መስማት አንድ ነው። ካዩት አንዳርጌን ይሰሙታል። እንዳይሰሙት ደግሞ ገዝተዋል።

በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«አባ ገብረ ሥላሴ፣ ይቅረቡ። እናንተም ስሙኝ። አምና ስቃችሁብኝ ነበር። ሳቃችሁን መሸከም አቅቶኝ ልጄን አሰርሁት። እርሱ ግዝቴን አክብሮ ለእናቱ እንኳ ሳይናገር ሄደ። ያጠፋሁ እኔ ነኝ።» ወደ አባ ገብረ ሥላሴ ዞሩ። «በአፌ ያሰርሁትን በአፌ ፈትቻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታው።»

«ይፍታው» አሉ አባ ገብረ ሥላሴ።

«ይፍታው» አለ ሕዝቡ። ከምሰሶው ሥር የጓዴ ድምፅ ከሁሉም ዘግይቶ ተሰማ።

መሪጌታ ተቀምጠው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቀጥሎ ድምፃቸው ተሰማ። ዜማ አልነበረም፤ ንግግር ነበር። «ሰውየው ከቆላ ተመለሰ። ትኩሳቱ በርትቶበታል።» አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ስቷል። እንዲህ አላስተማርሁትም።»

መልሰው አነበቡት። ሦስተኛም አነበቡት።

«አልሳተም» አሉ ዝቅ ብለው። «ይቺ ክብ ምንድናት? በድጓ የለችም።»

«የራሱ ናት፣ የኔታ። ትንፋሽ የሚወስድባት ናት።»

«ትንፋሽ አይጻፍም። የተማረ ሰው ራሱ ያውቀዋል» አሉና ወደ ንባቡ ተመለሱ።

ምልክት የሌላቸው ስድስት መስመሮች ላይ ሲደርሱ ብዕርና ቀይ ቀለም አስመጡ። በየመስመሩ «እዚህ ጨርቁ ላይ ምን ይታያል?» እያሉ ዳኛቸውን ጠየቁት፤ ሲነግራቸው ምልክቱን ያኖራሉ፣ እንዲያነበው ያደርጋሉ፣ «አልሆነም፣ ከመጀመሪያው» ይሉታል። ዳኛቸው ከመጀመሪያው ያነባል። ለቀስተኛው ንፍሮውን እንደያዘ ይሰማል። እናትየዋም ከሴቶቹ መሐል ተነሥተው መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

የመጨረሻው መስመር ቀረ። «መድኃኒቱን በጊዜው ስለወሰደ፣ በአምስተኛው ቀን ድኖ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ» ይላል።

መሪጌታ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው በመስመሩ ላይ አንዣበቡ። ሁለቴ ለራሳቸው አነበቡት።

«ይረዝማል» አሉ። «እዚህ ላይ ይደክመዋል።»

‹ድኖ› ከሚለው ቃል ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ክብ ጻፉ። ከዚያ አጎንብሰው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ፣ ቀስ ብለው እፍ አሉበት።