የኤይጊል ማንቁርት

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የጎረቤቴ የኤይጊል ክራው ጉሮሮ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ማንቁርቱ ካልወጣ እስከ ፋሲካ አይቆይም አሉ ሐኪሞቹ። እሱ ግን ድምፄን ይዤ ልሙት ብሎ እምቢ አለ።

ልጁ ቢርተ በአጥር ጠራችኝ።

«ሊስቤት፣ እስቲ አንቺ አናግሪው። እኔን ገና አፌን ስከፍት ይቆጣኛል። አንቺን ግን ስለሚስቅብሽ ይሰማሻል።»

እውነቷን ነው። ኤይጊል ዴንማርክኛ ሲያስተምር ያረጀ ሰው ነው፤ እኔ የሎላን ደሴት ልጅ ነኝ። እዚህ ሆልቤክ ሰው ሲናገር ቃሉ መሀል ጉሮሮው ለቅጽበት ቆንጠጥ ይላል፤ ስቶድ ይሉታል። እኛ አገር የለም። ስለዚህ የእኔ ንግግር ለእሱ ፀሐይ ያገኘው ቅቤ ነው።

ጨው የገባ ዓሣና የአጃ ዳቦ ይዤለት ገባሁ። አልነካውም። እጄን ይዞ ጣቶቼን ጉሮሮው ላይ አኖረና «ሁን» አለ፤ በዴንማርክኛ ውሻ ማለት ነው።

«ተሰማሽ? ስቶድ ማለት እኮ ግፊት ነው። መኪናሽ ጉድጓድ ሲገባም ስቶድ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲነዝርሽም ስቶድ ነው፣ መለከት ሲነፋም ስቶድ ነው። ቃሉን ከሰሜን ጀርመን የመጡ ነጋዴዎች ናቸው ያመጡት ይባላል።»

«ታዲያ በእኛ በኩል ነዋ ያለፉት!»

«አልፈዋል፤ እናንተ ተኝታችሁ ነበር።» ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ መሀረቡ ላይ ደም አየሁ።

«ስማኝ መምህር፣ እኔ ያለ ስቶድ ይሄው እዚህ ደርሻለሁ። ባሌን ሳህን እጠብ ስለው በደንብ ይገባዋል።»

«አንቺ ድምፅ አለሽ። ለእኔ የሚቀርልኝ አንገቴ ላይ ቀዳዳ ነው።»

«ቢርተስ?» ብቻ አልኩት። እናቷን የቀበረችው አምና ነው።

ያልነካውን ዳቦ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። «እሺ፣ ሐሙስ ሆስፒታል ውሰዱኝ።»

ሐሙስ ዝናቡ አላባራም። ቢርተ ትነዳለች፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ኤይጊል መንገዱን ሙሉ ለፈለፈ፤ የመንደሩን ስም፣ የገበሬውን ሐሜት፣ ሚስቱ ስትቆጣ ትለው የነበረውን ሁሉ። አንዳችንም አላቋረጥነውም። ሆስፒታሉ በር ላይ ወደ ቢርተ ዞሮ አፉን ሊከፍት ሲል ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች።

«የሚጠይቁት ነገር አለ?» አለችው።

«አይ፣ የለም» አላት።

ወሰደችው። ቢርተ በሩ ከተዘጋም በኋላ እዚያው ቆማ ቀረች። ከአባቷ አፍ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ያ ነው፤ እሱም ለነርሷ የተባለ።