ሰዓት ሠሪው በዐይኑ ሲናገር

ሰዓት ሠሪውን በሽታ ከጣለው ሁለት ዓመት ሆኖታል። እጁም እግሩም አይታዘዝለትም፤ ምላሱም ታስሯል። የቀረችለት ዐይኑ ብቻ ናት፤ የዐይኑ አስተርጓሚ ደግሞ ሚስቱ። ጉንጯን ጉንጩ ላይ ለጥፋ፣ እሱ የሚያየውን አብራ እያየች፣ «ጠማው»፣ «መስኮቱ ይከፈትለት» ትላለች። ፊደል ባትቆጥርም የባሏን ዐይን በማንበብ የሚደርስባት የለም፤ ይህንንም ለሰፈሩ ሁሉ ነግራ ጨርሳለች።

ስለዚህ ከማገገሚያ ማዕከል የምትመላለሰው ባለሙያ ሦስተኛውን የመናገሪያ ማሽን ይዛ ስትመጣ ፊቷን አጥቁራ ተቀበለቻት። የመጀመሪያው በጣት የሚጫን ነበር፤ ጣቱ እንቢ አለ። ሁለተኛው ራስ ላይ የሚታሰር ነበር፤ አንገቱ አልቻለም። ይሄኛው ሥዕል የተደረደረበት ስክሪን ነው። ከሥሩ ያለች ጥቁር ዘንግ ዐይን ወዴት እንደሚያይ ትከታተላለች፤ ዐይን አንዱ ሥዕል ላይ ሲቆይ ማሽኑ ይናገርለታል።

«እማማ፣ ያለን ይሄ ብቻ ነው» አለች ባለሙያዋ። «ዛሬ ካልሆነላቸው ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው እወስደዋለሁ።»

«ውሰጂዋ! እኔ እያለሁለት ሣጥን ምን ያደርግለታል?»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ባሏ ስክሪኑ ላይ እንዴት እንዳፈጠጠ አይታለች። ድሮ የሰዓት ሆድ ከፍቶ ሲመረምር እንዲህ ነበር የሚያፈጠው። እንደ ልማዷ አጠገቡ ዘፍ ብላ ጉንጯን ለጠፈች።

«ሻይ» አለ ማሽኑ በጎረምሳ ድምፅ። «ወንበር። ሻይ። ጫማ። ሻይ።»

ሰዓት ሠሪው ታክቶት ዐይኑን ጨፈነ።

«ሻይ» አለ ማሽኑ።

ባለሙያዋ ገመዱን ልትነቅል ጎንበስ ካለችበት ቀና አለች። «አባባ ጨፍነዋል እኮ! ታዲያ ማነው የሚያወራው? እማማ፣ ሻይ ያማረዎት እርስዎ ነዎት?»

«ቢያምረኝስ! ከጠዋት ጀምሮ መቼ ቀመስኩ?»

«ማሽኑ የያዘው የእርስዎን ዐይን ነው። እባክዎ በሩ ጋ ይቁሙልን።»

«ባልና ሚስት የሚያፋታ ሣጥን!» እያለች ተነሣች።

ሰዓት ሠሪው ዐይኑን ገለጠ።

«ሾርባ» አለ ማሽኑ።

«አላልኩሽም? ሾርባ ነፍሱ ነው! በቀን ሁለቴ ነው የማጠጣው።»

«አልፈልግም» አለ ማሽኑ። «ሾርባ። አልፈልግም። ሾርባ። አልፈልግም።»

ባለሙያዋ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ?» አለች ሚስት። «ማንኪያውን ባየህ ቁጥር ዐይንህ ሲፈጥ፣ እኔ ደስታ መስሎኝ!»

«ልውሰደው እንዴ፣ እማማ?»



«ነይ» አለ ማሽኑ።

አሮጊቷ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ዐይኗ ደግሞ ነገር እንዳያበላሽ ሻርፗን ፊቷ ላይ አስራ፣ እየዳበሰች ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይኸው አላይም። በል ቀጥል፣ ሌላስ ምን ደብቀኸኛል?»

«ሻይ» አለ ማሽኑ።

«አሁን የማን ዐይን ነው?»

«የአባባ ነው» አለች ባለሙያዋ፤ የማሽኑን ባዶ ሻንጣ እየዘጋች።

«እንግዲያው ቅድምም ልክ ነበርኩ!» ብላ ብድግ አለች፤ ሻርፑን ሳትፈታ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሰች የሻይ ማንቆርቆሪያውን ልትጥድ ሄደች።