ቁጭ ብሎ የሚነገር ነገር

«እንደሱ አይደለም ጋሼ! ገና ምንም ሳልነግርዎት ነው እንዴ የሚያለቅሱት?» አለች ነርሷ፣ ሳቋን በጭምብሏ ውስጥ አፍና።

«ልቤ ነግሮኝ ቢሆንስ?» አልጋው ላይ የተኛው ሽማግሌ ሾፌር በትራሱ ጫፍ የሌለ እንባውን ጠረገ። «የከባድ መኪና ሾፌር መሪ የሚያዞረው መንገዱ ሳይታጠፍ ነው።»

ሽማግሌው ዕድሜውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሰ፣ አሁን ግን ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤት ያለችው መንገድ ዳገት የሆነችበት ሰው ነው። ሥጋው አልቆ ወሬው ቀርቷል። ወሬው ታዲያ ሙሉ ጭነት ነው። አንድ ጊዜ ፍሬን ተበጥሶበት ቁልቁለቱን ሲምዘገዘግ፣ የገዛ ጥላው ከኋላ ቀርቶ «ኧረ ጠብቀኝ!» እያለ ሲጮህ ሰምቷል። ንፋሱ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ስለላጨው ቤት ሲደርስ ሚስቱ አላወቀችውም፤ «ባሌ ሳይመጣ ውጣልኝ» ብላ አባረረችው። ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሕመምተኞች ይህን ሁሉ ያምናሉ። ምን ያድርጉ? ሐኪሙ ከሚነግራቸው ይሻላል።

ነርሷ ከሰዓት በኋላ ፈተና አለባት። ባሕር ማዶ ያለ ሆስፒታል ሊቀጥራት ተስማምቷል፤ የሥራ ፈቃዱ የሚወጣው ግን የቋንቋ ማስረጃ ስታስገባ ነው። ንባቡንና ጽሕፈቱን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። የጣላት ንግግሩ ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ፈታኟ በሽተኛ ሆና ትቀመጣለች፣ ነርሷ ክፉውን ውጤት ትነግራታለች። ነርሷም እናት አባቷ ሲያደርጉ ያየችውን አደረገች። በመጀመሪያው ፈተና «ዘመድ ይዘው መጥተዋል?» አለች። በሁለተኛው «አይዞዎት፣ ቀላል ነገር ነው» አለች። ቋንቋዋ እንከን አልነበረውም። ግን «ለበሽተኛዋ እውነቱን አልተናገረችም» ተብላ ወደቀች።

ዛሬም ከወደቀች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ባሏ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ሶፋው ላይ ተተክሎ ይውላል፤ እናቷ «ይሄ ሰውዬ ቶሎ ካልተነቀለ ቅጠል ማውጣቱ አይቀርም» ይላሉ። ልጆቹም የአባታቸውን ኩርፊያ እየለመዱት ነው።

ስለዚህ የፈታኞቹን ደንብ ሸምድዳለች። ወንበር ስቦ መቀመጥ። ዓይን ዓይኑን ማየት። ምን ያህል እንደሚያውቅ፣ ምን ያህልስ ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ። መናገር። ከዚያ ዝም ማለት። በዚህ ክፍል ግን ነርስ በሽተኛ አጠገብ ከተቀመጠች ወይ እግሯን አሟታል ወይ ሥራ ፈታለች።

«እሺ፣ እንደገና» ብላ ወንበሩን ሳበች። ተቀመጠች። በባዕዱ ቋንቋ፣ ቀስ ብላ፣ ዓይኑን እያየች ክፉውን ውጤት ነገረችው። ሾፌሩ አንድም ቃል ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል። ስትጨርስ ዝም አለች።

«አለቀ?»

«አለቀ። እንዴት ነበርኩ?»

«ጎሽ! ምን እንዳልሽ ባላውቅም ገድለሽኛል።» ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ሰው ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ሾፌሩ ግን አልሳቀም። «ለመሆኑ ፈተናው ላይ ያለው ሰውዬ ምኑን ነው የታመመው?»

«ሆዱን» አለች ሳታስበው።

«እኔም ሆዴን ነው።»

ነርሷ ብድግ አለች። «የእርስዎማ ጨጓራ ነው፣ ጋሼ።»

«ሲስተር፣ በዚያ ቋንቋ ስታወሪ ዓይን ዓይኔን ታዪኛለሽ። በእኛ ስታወሪ ግሉኮሱን ታያለሽ። ጨጓራዬ እዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ነው እንዴ ያለው?»

የግሉኮሱን ማስተላለፊያ ነካች፤ ምንም አልጎደለውም ነበር።

«እኔ ስዋሽ ያረጀሁ ሰው ነኝ» አለ ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጆቼ ግን አይችሉበትም። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተኳርፈናል። ‹ሲሻልህ ትታረቃላችሁ› ይሉኛል። ጨጓራ ከሆነ ይቆይ። ሌላ ከሆነ ግን አሁኑኑ ይጠራልኝ። እስቲ ያን ነገር በእኛ አፍ ድገሚው።»

ይሄን ጊዜ የበኩር ልጁ ሾርባ የያዘ ፔርሙዝ አንጠልጥላ ገባች። መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥሎ አልጋው ሥር የተጠጋውን ወንበር አየች። ነርሷን በክንዷ ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

«ምን ስትይው ነበር?»

«ለፈተና እየተለማመድኩ ነው።»

«በአባቴ ላይ?» በሩን ከኋላዋ ገፋ አደረገችው። «ከሐኪሙ ጋር ተስማምተናል። አባዬ ካወቀ በማግሥቱ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚሄደው። እኔ ይህንን ይዤ ስንት ቀን አልቅሼ ፊቴን ታጥቤ ነው የምገባው! አንዲት ቃል ብትወጣሽ ሜትሮኗ ቢሮ ነው የምሄደው።»

የነርሶች ኃላፊ የሆነችው ሜትሮን ነገ ጠዋት ለነርሷ የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ትፈርምላታለች። ያለዚያ ደብዳቤ የሥራ ፈቃዱ ማመልከቻ አይታይም። ልጅቱ ይህን አታውቅም፤ ዱላው ግን ማረፊያውን አልሳተም።

«እሺ» አለች ነርሷ።

የፈተናው ክፍል መስኮት የለውም። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ድምፅ መቅጃ። ፈታኟ ሆዷን ይዛ በሽተኛ ሆነች። ነርሷ ወንበሯን አስጠግታ ዓይኗን እያየች ጠየቀቻት፣ ነገረቻት፣ ዝም አለች። በዝምታው መሃል የግሉኮስ ጠብታ የሰማች መሰላት፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ግሉኮስ አልነበረም። የፈታኟ ዓይን እንባ አቀረረ።

«አልፈሻል» አለቻት ድምፅ መቅጃውን አጥፍታ። «ሐቀኛ ነርስ ነሽ።»

ቃሉን ከእነ እሾሁ ይዛው ወጣች።

ታክሲ ውስጥ ሆና ለባሏ ደወለች። «አለፍሽ? እውነትሽን ነው?» ከኋላው ልጆቹ ይጮኻሉ። «ስሚ፣ ከሶፋው ተነሥቻለሁ! ቆሜ ነው የማወራሽ! ቶሎ ነይ በቃ።»

«እመጣለሁ። ሆስፒታል የረሳሁት ነገር አለ።»

ክፍሉ ጠዋት የነበረው አልሆነም። ወሬ የለም። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ሾፌሩ ትንፋሹ አጥሮ ጋደም ብሏል፤ ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሾርባ በማንኪያ ታስጠጋለታለች። «እቺን ብቻ፣ አባዬ። ሐኪሙ እኮ በሳምንት ውስጥ ይወጣል ብሏል።» ሾርባው በአገጩ ወረደ።

ነርሷን ሲያያት ሊስቅ ሞከረ።

«ሲስተር… ያ ጥላዬ ዛሬ ሳይደርስብኝ አልቀረም።»

ልጅቱ ቀና ብላ ነርሷን አየቻት፤ ጥርሷን ነክሳ «እንዳትናገሪ» በሚል ዓይነት ራሷን ነቀነቀች። የነርሷ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ግሉኮሱ ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። ተመለሰ። የሜትሮኗ ቢሮ በኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፤ በሩም ክፍት ነው።

«እህቴ» አለች፣ «ወንበሩን ልቀቂልኝ።»