ቅድስት ያልሆነችው የናካሊንገም እናት

በእኛ በስሪላንካ የጃፍና ታሚሎች ዘንድ ሰው በሞተ በሰላሳ አንደኛው ቀን የሕይወት ታሪኩ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለተዝካሩ ለመጣ ሁሉ ይታደላል። ፓሪስ ገብተንም አልተውነውም። ባሌ ቫማዴቫን ደራሲ ነኝ ይላል። ልብ ወለዶቹን ከእኔ በቀር ያነበበ የለም፤ እኔም ሁለተኛውን አልጨረስኩትም። የመታሰቢያ መጽሐፎቹን ግን አገር ያነባል። ሃያ ሦስት ጽፏል፤ ሃያ ሦስቱም ሟቾች ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም! እነዚያ በአጥር ጠብ በገጀራ ይፈላለጉ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ታዲያ የት ገቡ? እስካሁን አልሞቱም ማለት ነው።

“ሰዉን ሁለቴ የምቀብረው እኔ ነኝ” ይለኛል፣ ሳህን ከሚያጥብበት ምግብ ቤት ሲመለስ።

“ዝም ብለህ ቅበር” እለዋለሁ።

ከዚያ የናካሊንገም እናት ሞተች። ናካሊንገም ከሱቁ በላይ ያለችውን ክፍል ያከራየን ሰው ነው። የመኖሪያ ወረቀት የለንም፤ እሱ ውጡ ካለን መግቢያ የለንም። “እናቴን ቅድስት አድርገህ ጻፍልኝ” አለው ባሌን።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አሮጊቷ አገር ቤት ሳለን ድንበር ገፊ ነበረች። በየዓመቱ የዘንባባው አጥር ሲታደስ ስንዝር ስንዝር ወደ ጎረቤቷ ወደ አርሙገም ታስጠጋዋለች። ቢናገራት ምላሷን ማን ችሎት! ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ የአርሙገምን ልጆች ጓዳዋ ደብቃ ያተረፈች እሷው ናት። ባሌ ሁለቱንም ጻፈ። ናካሊንገም ሳያነብ ማተሚያ ቤት ላከው፤ ሁሉም መጽሐፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ አስቀድሞ የሚያነብ የለም።

በተዝካሩ ቀን አዳራሹን የሞላው የመንደራችን ሰው ሩዙን ትቶ ማንበብ ያዘ። እኔም ገለጥ አድርጌ ሳየው ባሌን በክንዱ ጎትቼ ጥግ አስያዝኩት።

“አንተ ሰው፣ ምን አደረግከን?”

“ጻፍኩ” አለኝ። ይሄን ፊቱን ፓሪስ ከገባን ወዲህ አይቼው አላውቅም። ደስ ብሎታል!

“አጥሩ የእኔ ነበር!” ሲል ሽማግሌው አርሙገም ጮኸ፤ እየሳቀ እንባው ወረደ። “ልጆቼንም አትርፋልኛለች፣ ይቺ ሌባ!” ከዚያማ አዳራሹ ተንጫጫ፤ ሁሉም የየራሱን አጥር ማውራት ጀመረ። በስንት ዓመታችን መንደራችን ገባን፤ ስድቡም ሳይቀር። ናካሊንገም ብቻ መጽሐፉን ይዞ ወጣ።

ቤት ገብቼ ሻንጣ አዘጋጀሁ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ ናካሊንገም ነው።

“ውሸት ጽፈሃል” አለው ባሌን።

“የቱ ጋ?”

“ስንዝር ያልከው። እናቴን እንዲህ ሚስኪን ታደርጋታለህ? ክንድ ሙሉ ነው እንጂ! ችካሉን የያዝኩላት እኔ ነኝ!” ብሎ ሻንጣችን ላይ ዘፍ አለ። “ሰው ሁሉ ‘ቅድስት እናትህ’ እያለ ሲያጽናናኝ ማንን እንደሚሉ ግራ ገብቶኝ፣ ማልቀስ አቅቶኝ ነበር። ዛሬ ገና ሞተችብኝ” አለና ተንሰቀሰቀ።

ልብሳችንን ከሻንጣው ያወጣሁት እሱ ከተነሳ በኋላ ነው።